ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖ ካምበሩ አልዞር ያለበት ሸራ፦ የጉዳይ ጥናት

ለምን ይሄን ጉዳይ መረጥኩ

ተነቃይ ካምበር፣ ማለትም የሸራውን ሆድ ቅርጽ የሚያስይዝ ፕላስቲክ፣ ያለው የዊንድሰርፊንግ (ቦርድ ላይ ቆሞ በሸራ ውሃ ላይ የመሄድ ስፖርት) ሸራ የገዙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ አለ። ሸራው ጎን ሲቀይር ካምበሩ አይዞርም፣ ወይ ደግሞ ከማስቱ፣ ማለትም ሸራውን ከሚያቆመው ምሰሶ፣ ላይ እየተላቀቀ ይወጣል። ከዛ ብዙዎቹ ካምበሩን አውጥተው ያስቀምጡትና ሸራውን ያለሱ ይጠቀማሉ፣ ወይ ሸራው አይረባም ብለው ይሸጡታል። በጣም ያሳዝነኛል ይሄ ነገር፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ሸራውም ካምበሩም ጤነኛ ነው። ይሄኛው ጉዳይ ደግሞ ለየት የሚለው ሸራው ላይ የተጻፈውና ማስቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር በሙሉ ይገጥም ስለነበረ ማንም ማስቱን አልጠረጠረም፣ እና መጨረሻ ላይ ዋናው ችግር የተገኘው እዛው ማስቱ ላይ ነው።

ሰዎቹን በስም አልጠራም፣ የዕቃውንም ብራንድ አልጠቅስም፣ ለትምህርቱ አያስፈልግም።

ዕቃው

ሸራው 7.5 ካሬ ሜትር ነው፣ 6 ባተን (ሸራውን የሚወጥር አግድም ዘንግ) አለው፣ 2 ተነቃይ ካምበር አለው፣ አንዱ ከቡም (በእጅ የሚያዘው አግድም መያዣ) በላይ አንዱ ከቡም በታች። የተገዛው ሰከንድ ሃንድ ነው ግን ጨርቁ ደህና ነው። ታች ጥጉ ላይ የታተመው የፊት ጠርዝ 474፣ ቡም 206፣ ማስት 460፣ አይኤምሲኤስ (የማስት ጥንካሬ መለኪያ) 25፣ ኮንስታንት ከርቭ (የማስቱ የጉብጠት ዓይነት) ይላል። ባለሸራዋ ቀድሞም የነበራት ማስት ቀጭኑ ዓይነት ነው፣ አርዲኤም የሚባለው፣ 460 ርዝመት እና አይኤምሲኤስ 25 ተጽፎበታል። ከስር 14 ሴንቲ ኤክስቴንሽን (ማራዘሚያ) ስትጨምርበት 474 ይሆናል። ወረቀት ላይ ካየኸው ምንም የሚጎድል ነገር የለም።

ለማያውቅ ሰው ካምበር ማለት በባተኑ የፊት ጫፍ ላይ የሚሰካ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ፕላስቲክ ነው፣ ማስቱን ከኋላ አቅፎ ይይዝና በላዩ ይንሸራተታል፣ አንዳንዱ ትንንሽ ሮለርም አለው። ጥቅሙ የሸራው ሆድ ነፋስ ቢኖርም ባይኖርም ቅርጹን ይዞ እንዲቆይ ነው። ካምበር የሌለው ሸራ ነፋሱ ሲደክም ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ድንገት ሲበረታ ደግሞ ሆዱ ወደኋላ ይሸሽና የኋላ እጅህን ይጎትተዋል። ካምበር ያለው ግን ቦታውን አይለቅም። በምትኩ ይከብዳል፣ ማስት የሚገባበት ኪስ ሰፊ ስለሆነ ውሃ ይሞላል፣ ሲዞርም ቷ ብሎ ነው የሚዞረው።

ችግሩ

ሦስት ነገር ነበር፣ ሦስቱ ደግሞ እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ። የታችኛው ካምበር ጃይብ ላይ፣ ማለትም ነፋሱ ከኋላ ሆኖ አቅጣጫ ሲቀየር፣ አይዞርም፣ ሸራው አንድ ጎኑ በትክክል ተቀምጦ ታችኛው ባተን ግን በተቃራኒው በኩል ቀርቶ በእግር ካልተመታ አይመለስም። የላይኛው ካምበር ደግሞ በተቃራኒው ላላ ብሎ ሸራው ውሃ ላይ ሲወድቅ ከማስቱ ይላቀቃል። ከዛ በላይ ደግሞ የሸራው ላይኛው ክፍል ነፋስ ትንሽ ሲበረታ ዝም ብሎ ይርገበገባል፣ ታችኛው ክፍል ግን በጣም ሆዳም ነው፣ ስለዚህ ጉልበት አለው ግን አይፈጥንም፣ ትጎተታለች እንጂ አትሄድም።

እንግዲህ አስቡት፣ አንዱ ካምበር በጣም ጠብቋል አንዱ በጣም ላልቷል፣ በአንድ ሸራ ላይ፣ በአንድ ዳውንሆል (ሸራውን ከማስቱ ስር ወደታች የሚወጥረው ገመድ)። እኔን መጀመሪያ የሳበኝ እሱ ነው። ዳውንሆሉ ብቻ ቢሆን ችግሩ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያጠፉ ነበር።

መጀመሪያ የተሞከረው

እኔ ከመምጣቴ በፊት ባለሸራዋና አብሯት የሚወጣ ጓደኛዋ ብዙ ሞክረዋል፣ እያንዳንዱ ሙከራ ደግሞ ምክንያት ነበረው፣ ዝም ብሎ የተደረገ የለም።

የላይኛው ካምበር ሲላቀቅ ባተኑን በአለን ቁልፍ አጠበቁት። ባተን ሲወጠር ካምበሩን ወደ ማስቱ ይገፋዋል፣ ስለዚህ ትንሽ ያዘ። ከዛ ወጥ ይሁን ብለው የታችኛውንም አጠበቁት፣ እዛ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፣ ቀድሞም የማይዞረው ካምበር ጭራሽ ደረቀ።

ቀጥሎ ካምበሩ ስር ስፔሰር ጨመሩ፣ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ካምበሩን ትንሽ ወደፊት ያመጣዋል። ውጤቱ ባተን ከማጥበቅ ጋር አንድ ነው፣ ጫና መጨመር ነው።

ቀጥሎ ማስቱን ቅባት ቀቡት። ለመጀመሪያ ሰዓት ጥሩ ዞረ ይላሉ፣ ከዛ ቅባቱ አሸዋ ሰበሰበና ካምበሩ ማስቱን መፋቅ ጀመረ። ይሄን እኔም ሳየው የማስቱ ላይ ጭረት ነበረው። በነገራችን ላይ ካምበር የሚቀባ ከሆነ ደረቅ የሆነ የሲልከን ስፕሬይ ዓይነት ነው የሚሻለው፣ የሚያጣብቅ ዘይትና ግሪስ ከአሸዋ ጋር ሲገናኝ የብርጭቆ ወረቀት ነው የሚሆነው፣ ከሁሉም በፊት ግን በንጹህ ውሃ ማጠብ ይበቃል።

የመጨረሻው ዳውንሆሉን ማላላት ነበር፣ የላይኛው ጠርዝ በጣም ተርገበገበ ብለው። ይሄ ላይ ላዩን ሲታይ ትክክል ነው፣ የሸራው የኋላ ጠርዝ ላይኛው ክፍል ከልክ በላይ ከላላ ዳውንሆል በዝቷል ማለት ነው ይባላል። ላይኛው ተስተካከለ፣ ታችኛው ካምበር ግን ከበፊቱ የባሰ ጠበቀ።

ምርመራው

መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉንም ወደ ዜሮ መመለስ ነው። ስፔሰሮቹ ወጡ፣ ቅባቱ በሳሙና ታጠበ፣ ባተኖቹ በሙሉ ላሉ፣ ከዛ እያንዳንዱ ባተን ኪሱ ላይ ያለው ቁመት ለቁመት የሚታየው ሽብሽብ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ተወጠረ። ከዛ በላይ አንድም ዙር አልጨመርንም።

ከዛ የዳውንሆሉን ገመድ አየን። ሸራው ላይ ያለው ፑሊ 3 ሮለር አለው፣ ኤክስቴንሽኑም 3፣ ስለዚህ ስድስት እጥፍ ነው የሚያግዘው፣ ገመዱ ግን አንድ ቦታ ላይ ተጠላልፎ በራሱ ላይ ይሻሻ ነበር። እንዲህ ሲሆን በጣም የጎተትክ ይመስልሃል፣ እጅህ ላይ ይከብድሃል፣ ሸራው ጋ ግን ግማሹ ነው የሚደርሰው። ፈትተን ሳይጠላለፍ አስገባነው። እውነቱን ለመናገር አሁን ያልቃል ብዬ ነበር፣ አላለቀም። ዳውንሆሉ ቀለለ፣ ሸራው ግን ያው ነው፣ ላዩ ላልቶ ታቹ ሆዳም።

እዚህ ጋ ነው ካምበሮቹን በደንብ ያየናቸው። ሁለቱም የተሰሩት ለወፍራሙ ማስት፣ ለኤስዲኤም ነው። የወፍራሙ ማስት መሠረት ውስጡ 48 ሚሊ አካባቢ ነው፣ የቀጭኑ 32። ለ48 የተሰራ ካምበር ቀጭኑ ላይ ሲቀመጥ ቅርንጫፎቹ በደንብ አያቅፉትም፣ ወደጎን ቦታ ያገኛል፣ ምት ሲያገኘው ይወጣል። ይሄ የላይኛው ለምን እንደሚላቀቅ አስረዳን፣ ላይ ደግሞ ማስቱ እየቀጠነ ስለሚሄድ የባሰ ነው። አንዳንድ ሸራ ከሁለት ዓይነት ካምበር ጋር ነው የሚመጣው ወይ ለቀጭን ማስት የሚገባ ማስገቢያ አለው፣ ሰከንድ ሃንድ ሲገዛ ግን ይሄ ትንሽ ዕቃ ነው ቀድሞ የሚጠፋው።

የታችኛው ግን ለምን ጠበቀ? ካምበሩ ትልቅ ከሆነ ታችም መላላት ነበረበት። ስለዚህ ማስቱን ለመለካት ወሰንን።

ማስቱን መለካት

ይሄን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ማንም ሰው በራሱ ሊያደርገው ስለሚችልና ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው።

አይኤምሲኤስ የሚባለው ቁጥር የሚመጣው ማስቱን ሁለቱን ጫፎቹን ደግፈህ አግድም ታስቀምጠውና መሃሉ ላይ 30 ኪሎ ስትሰቅል ስንት ሴንቲ እንደወረደ በመለካት ነው። የማስቱን ርዝመት ለዛ ታካፍለዋለህ። እኛ 30 ሊትር ውሃ በጀሪካን ሞልተን ሰቀልን፣ ባዶው ጀሪካን ራሱ የሚመዝነውን ያህል ውሃ ቀንሰን፣ ክር ከጫፍ ጫፍ ወጥረን ሳይሰቀልና ሲሰቀል ያለውን ልዩነት ለካን። መሃሉ 18.5 ሴንቲ ወረደ፣ 460 ለ18.5 ሲካፈል 25 አካባቢ ይመጣል። ማስቱ ላይ የተጻፈው እውነት ነው ማለት ነው።

ግን ይሄ ቁጥር የሚነግርህ ማስቱ በጠቅላላው ስንት እንደሚጠነክር ነው እንጂ የት ጋ እንደሚጎብጥ አይነግርህም። ለእሱ ክብደቱን መሃል ላይ እንዳለ ትተህ ከታች ሩቡ ላይና ከላይ ሩቡ ላይ ትለካለህ። የእኛው ታች ሩቡ 11.7 ሴንቲ ወረደ፣ ላይ ሩቡ 15.0። ከመሃሉ አንጻር 63 በመቶና 81 በመቶ ነው፣ ልዩነቱ 18። ኮንስታንት ከርቭ የሚባለው ማስት ልዩነቱ 12 እስከ 15 አካባቢ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከዛ በደንብ ሲያንስ ሃርድ ቶፕ ይባላል፣ በደንብ ሲበልጥ ፍሌክስ ቶፕ። የእሷ ማስት ፍሌክስ ቶፕ ነው። ታቹ ደረቅ ነው ላዩ ለስላሳ ነው።

ከዛ በኋላ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። ሸራ ሲሰፋ የፊት ጠርዙ ጎበጥ ተደርጎ ነው የሚቆረጠው፣ ማስቱ በዳውንሆል ሲጎብጥ ያንን ጨርቅ እየወሰደ ይሄዳል። ይሄኛው ማስት ላይ በኩል ቶሎ ስለሚጎብጥ ላይኛው ጨርቅ ገና ዳውንሆሉ ሳይደርስ ላላ፣ ሸራውን የሚገጥመው ሰው ያንን አይቶ ደረሰ ብሎ ያቆማል። ታች ግን ማስቱ የሚፈለገውን ያህል አልጎበጠም፣ የተረፈው ጨርቅ ሆድ ሆነ፣ ሆዱ ባተኑን ወደፊት ገፋው፣ ባተኑ ካምበሩን ማስቱ ላይ አጣበቀው። ካምበሩ ምንም አላጠፋም፣ የተጫነበትን ነው የሚናገረው።

የተደረገው እና የሰራው

ለሙከራ ከሌላ ሰው 460 ኮንስታንት ከርቭ ወፍራም ማስት ተዋስን፣ አይኤምሲኤሱ ያው 25። ለወፍራም ማስት የሚሆን 14 ሴንቲ ላይ የተስተካከለ ኤክስቴንሽንም አብሮ መዋስ ግድ ነው፣ የቀጭኑ አይገባበትም።

አገጣጠሙን በዚህ መልክ ነው ያደረግነው። ሸራውን ዘርግተን ዚፖቹን ከፍተን ማስቱን ስናስገባ ሁለቱም ካምበር በአንድ በኩል ወደጎን መሆናቸውን እያየን አሳለፍን፣ እንዳይወጋቸው። ዳውንሆሉን እስከመጨረሻው ሳይሆን 5 ሴንቲ አካባቢ ሲቀረው አቆምን። በዚህ ደረጃ ማስቱ ጎብጧል ግን ጨርቁ ገና ሙሉ አልተወጠረም፣ ካምበር ለማስገባት ጥሩው ሰዓት ይሄ ነው። በአንድ እጅ ባተኑን ከካምበሩ ኋላ ይዘህ ወደ ማስቱ ትገፋለህ፣ በሌላው ማስቱን በዚፑ በኩል ትጫነዋለህ፣ ቷ ብሎ ይገባል። ከላይኛው ጀመርን ከዛ ታችኛው። ዚፖቹን ዘግተን የቀረውን ዳውንሆል ጨረስን፣ በእጅ ሳይሆን በመጎተቻ እጀታ፣ ምክንያቱም መጨረሻዎቹ ሴንቲዎች 4 ሚሊ ገመድ በባዶ እጅ ሲሳብ ጣት ይቆርጣል። ቡሙ ከዛ በኋላ ገባ፣ አውትሆሉ (የሸራውን የኋላ ጥግ ወደ ቡሙ ጫፍ የሚስበው ገመድ) 3 ሴንቲ ብቻ ተወጠረ።

ሸራውን ውሃው ዳር አቁመን ነፋስ በሁለቱም በኩል አስነካነው። ሁለቱም ካምበር ቡሙን ትንሽ ሳብ ለቀቅ ስታደርገው ዞሩ። የኋላ ጠርዙ ላይኛው ክፍል እኩል ላላ፣ ታቹ ደግሞ ሆዱ ወደሚጠበቀው ወረደ። ይሄ ሁሉ የሆነው ምንም ስፔሰር ሳይገባ፣ ባተንም ሳይጠብቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ቡሙ ትንሽ ከፍ ሲደረግ የላይኛው ካምበር እንደገና መደናቀፍ ጀመረ። ስናየው የቡሙ መያዣ የሸራውን ኪስ ጨርቅ ጫፍ አብሮ ቆንጥጦት ነው። ጨርቁን አውጥተን ቡሙን እሱ ከሚታሰርበት የኪሱ ክፍት ቦታ ላይኛ ጠርዝ ዝቅ ስናደርገው ችግሩ ጠፋ። ከውጪ አይታይም፣ በእጅ መዳሰስ ነው።

ያልሰራው

ተዋሰን እንጂ ማስት ወዲያው አይገዛም፣ ስለዚህ የራሷን ማስት ይዛ ሌላ መፍትሔ አለ ወይ ብለን ሞክረን ነበር። ለቀጭን ማስት የሚሆኑ ካምበሮች ሲገኙ መላቀቁ ቆመ፣ ያ ንጹህ ድል ነው። መዞሩ ግን አልተስተካከለም። ዳውንሆሉን 2 ሴንቲ ጨምረን ታችኛውን ለማስለቀቅ ስንሞክር ታችኛው በርግጥ ዞረ፣ ላዩ ግን እስከ ግማሽ ድረስ ላልቶ ሸራው ጉልበቱን አጣ፣ ቀላል ነፋስ ላይ ቦርዱ ፕሌን ማድረግ (ከውሃው ከፍ ብሎ በላዩ መንሸራተት) አቃተው። የታችኛውን ባተን ከልክ በታች ማላላትም ሞከርን፣ ካምበሩ ዞረ ግን ባተኑ ኪስ ላይ ሽብሽቡ ተመለሰ፣ ነፋስ ሲጨምር ሆዱ እንደበፊቱ መሸሽ ጀመረ፣ እንግዲህ ለዚህ ከሆነ ካምበሩ ራሱ ለምን ያስፈልጋል። የጎበጠበት ቦታ የተሳሳተ ማስት በሌላ በምንም ማስተካከያ አይካስም፣ አንዱን ስትይዝ ሌላው ይሄዳል።

ካምበሮቹ ሲወጡ

ደስ ያለኝ ነገር፣ ሸራው ተነቃይ ካምበር ያለው በመሆኑ ማስቱ እስኪቀየር ድረስ ባዶ አልተቀመጠም። ካምበሩን ማውጣት ግን ዝም ብሎ ነቅሎ መተው አይደለም። ካምበሩ የባተኑ ቆብም ስለሆነ ሲወጣ የባተኑ ጫፍ ባዶ ይቀራል፣ ኪሱን ይበሳል፣ ስለዚህ የራሱ ክዳን ያስፈልገዋል። ርዝመቱም ስለሚቀየር ውጥረቱ ከዜሮ ይሠራል። ዳውንሆሉ ሙሉ ሲሆን የባተኑ ጫፍ የማስቱን ውፍረት ግማሽ ያህል ቢሸፍን ጥሩ ነው፣ ከዛ ካለፈ በአንድ ጎን ተጣብቆ አይዞርም። እንዲህ ተደርጎ የእሷ ማስት ላይ ሸራው ለስላሳ ሆነ፣ ጃይብ ላይ ቀለለ፣ ከውሃ ውስጥ ማንሳትም ቀለለ። 20 ኖት አካባቢ ላይ፣ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ የኋላ እጅ ላይ ጎትቶታል፣ ያ ካምበር ያልተደረገበት ሸራ ጠባይ ነው። ታች ላይ ያለው ትርፍ ሆድም አልጠፋም፣ ካምበር ስለሌለ ብቻ ባተኑ መንገድ አገኘ።

ለሌላ ሸራ የሚሆን

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ካምበር ሲያስቸግር ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከካምበሩ ነው፣ ጫናው ግን የሚመጣው ከማስቱ ጀምሮ በዳውንሆል በኩል በባተን በኩል አልፎ ነው። ስለዚህ ምርመራውም በዛው መንገድ ቢሄድ ነው የሚሻለው፣ ማስቱ፣ ከዛ ዳውንሆሉና የገመዱ አገባብ፣ ከዛ ባተን፣ ከዛ የቡሙ መያዣ፣ ስፔሰር የመጨረሻ ነው። ስፔሰር ትክክለኛ ማስት ላይ ትክክለኛ ዳውንሆል እያለ ካምበሩ አሁንም ላላ ሲል የሚገባ ነገር ነው፣ ሌላ ችግር መሸፈኛ ሲሆን ነው የሚጎዳው።

ሁለት ካምበር በተቃራኒ አቅጣጫ ሲያጠፉ፣ አንዱ ጠብቆ አንዱ ላልቶ፣ ጉብጠቱን ጠርጥሩ። ሁለቱም ሲጠብቁ ዳውንሆሉ አንሷል ወይ የባተኖቹ ውጥረት በዝቷል። ሁለቱም ሲላሉ የካምበሩ መጠንና የማስቱ ውፍረት መግጠሙን እዩ። ይሄ ሁልጊዜ አይሠራም ግን ጥሩ መነሻ ነው።

አንድ ነገር ቀይሮ መሞከርም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች ባተን፣ ስፔሰር፣ ቅባትና ዳውንሆል እያደራረቡ ስለቀየሩ የትኛው ምን እንዳደረገ ማወቅ አልተቻለም ነበር፣ ወደ ዜሮ መመለሱ ራሱ ከሥራው ትልቁ ክፍል ነበር።

ሲፈታ ደግሞ፣ መጀመሪያ አውትሆል፣ ከዛ ዳውንሆሉን በከፊል ብቻ ማላላት፣ ከዛ በዚፑ በኩል ካምበሮቹን ከማስቱ ማውጣት፣ ከዛ የቀረውን ዳውንሆል መልቀቅና ማስቱን ማውጣት። ካምበሩ ማስቱ ላይ እንዳለ ማስቱን የሚጎትት ሰው ቅርንጫፉን ይሰብረዋል፣ ከሰበረ ደግሞ ለዛ ሸራ የሚሆን ሌላ ካምበር ማግኘት ረጅም ፍለጋ ነው።

አሁን ያለበት

ባለሸራዋ ያገለገለ ኮንስታንት ከርቭ ማስት አግኝታ ገዛች፣ እንደገና ቀጭኑን ዓይነት፣ ለቀጭኑ የሚሆኑት ካምበሮች ስላሏት። ከመግዛቷ በፊት ሻጩ ፊት በውሃ ጀሪካን ለክታዋለች፣ ልዩነቱ 13 ነው የመጣው። የድሮው ማስት ለፍሌክስ ቶፕ ተብሎ የተሰፋ ሸራ ላለው ሰው ተሰጠ፣ እዛ በደንብ እየሰራ ነው። የ7.5ቱ ሁለቱም ካምበር ይዞራል፣ ታችኛው በቀላል ነፋስ አሁንም ቡሙን አንዴ ሳብ ማድረግ ይፈልጋል፣ አንዱ ሮለር ላይ አሸዋ ገብቶ አበላሽቶት ነው፣ እሱ ሲቀየር የሚስተካከል ይመስለኛል።